ከካርታ የወጣ መልስ

ከእጅ ወደ እጅ የምትዞረው የዚህች ጽሑፍ አንባቢዎች፣ በዚህ ዙር የምናቀርብላችሁ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን በራሳችን ላይ ያመጣነው በገዛ እጃችን ስለሆነ፣ ጥፋታችንን ሳንሸሽግ ከነአመጣጡ እንነግራችኋለን። ይኸውም፦ ሰው ከራሱ አእምሮ አውጥቶ የሠራውን ምልክት ለጨነቀው ሰው እንደ መልስ ቢሰጠው፣ ያም የጨነቀው በመልሱ ቢጽናና፣ ሰጪው ደግ ሠራ ይባላልን? ወይስ በደለ?

ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ነገሩ ስለ ምን እንደሆነ ከወዲሁ ገብቷችኋል። እነዚያን ካርታዎች ያያችሁ አላችሁ፤ ከፊታችሁ ተዘርግተው ስማችሁን ያስቈጠራችሁም አላችሁ። ላላዩት ግን ከመጀመሪያው እንጀምር።

ነገሩ የተጀመረው በዝናብ ወራት ነበር። አንዱ ጓደኛችን ለሕክምና ወደ ካምፓላ በሄደ ጊዜ ከናካሴሮ ገበያ በታች ከመንገድ ዳር የገዛውን አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ ማታ ማታ በፋኖስ ዙሪያ ተቀምጠን እየተረጐመ ያነብልን ነበር። መጽሐፉ የእንግዳ ነገር ተረቶች ስብስብ ነው። ከባሕር ሥር ስለ ተኙ ፍጥረቶች፣ ያነበበውን ሰው ሁሉ ስለሚያሳብድ መጽሐፍ፣ ማዕዘኑ ልክ ስላልሆነ ቤት ይተርካል። እኛም ባገራችን ያለውን ጨመርንበት፤ ጆሮው ላይ ጉትቻ ስለተገኘበት ጅብ፣ ሌሊት ከወንዝ ስለሚጣራ ድምፅ እየተቀባበልን አወራን። ሌላው ጓደኛችን ደግሞ ከቄስ ትምህርት ቤት ያደገ፣ ባሕረ ሐሳብ የሚቈጥር፣ ዐውደ ነገሥትንም ከሰው እጅ አይቶ የሚያውቅ ነበር። ከሁለቱ ዕውቀት አንድ መጫወቻ ብንሠራስ? ተባባልን።

ዐውደ ነገሥት፣ እንደምታውቁት፣ የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋር በፊደል ቍጥር አስልቶ፣ ድምሩን ለ12 ገድፎ፣ በቀሪው ኮከቡን የሚናገር መጽሐፍ ነው። አንድ ሲቀር ሐመል፣ ሁለት ሲቀር ሠውር፣ ሦስት ሲቀር ገውዝ እያለ እስከ ሑት ይደርሳል። ኮከቦቹም እሳት፣ መሬት፣ ነፋስ፣ ውኃ ተብለው ለአራት ባሕርይ ይከፈላሉ። እኛም ዐሥራ ሁለቱን ኮከቦች በዐሥራ ሁለት ካርታ፣ አራቱን ባሕርያት በአራት፣ ሰባቱን ዕለታት በሰባት ካርታ ሣልን። ከዚያም ከተረቶቹ ያገኘናቸውን እንግዳ ሥዕሎች ጨመርን፦ ጉትቻ ያደረገ ጅብ፣ ከሐይቅ ሥር የሚበራ ፋኖስ፣ ሾፌር የሌለው አውቶቡስ፣ ከውስጥ እንጂ ከውጭ የማይታይ በር፣ ጥላው ቀድሞት የሚሄድ ሰው፣ አድራሻ የሌለው ደብዳቤ፣ ከጕድጓድ የሚጣራ ድምፅ። እነዚህም ሰባት ናቸው። ጠቅላላው 30 ካርታ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንናዘዝ። እንግዶቹ ሥዕሎች ስምንት ነበሩ። ስምንተኛው ፊት የሌለው ሰው ነበር። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቀው ጓደኛችን መጥቅዕና አበቅቴ ሁልጊዜ ተደምረው 30 እንደሚሆኑ ሲነግረን፣ የእኛም ካርታ 30 ቢሆን ያምራል ብለን ስምንተኛውን አወጣነው። በኋላ ግን ሰዎች መጥተው፣ «ዐሥራ ሁለት፣ አራት፣ ሰባትና ሰባት ተደምሮ እንዴት ልክ 30 መጣ? ይኸ የሰው ሥራ አይደለም» ሲሉ፣ የወጣውን ካርታ ከአልጋ ሥር ደብቀን ዝም አልን። የመጀመሪያው ጥፋታችን ይኸ ዝምታ ነው።

ሥዕሎቹን አንዳችን ወደ ካምፓላ ጉዳይ ሲኖረው ይዟቸው ሄደ። ከናካሴሮ ኮረብታ ወርደው ካምፓላ መንገድን ሲሻገሩ ናስር መንገድ ይገኛል። ማተሚያ ቤቶች ጐን ለጐን የተደረደሩበት፣ ከሠርግ መጥሪያ እስከ ፖለቲካ ፖስተር የሚታተምበት፣ በሐሰት ሰነድም ስሙ የሚነሣ መንገድ ነው። እዚያ ሥዕሎቻችን በወፍራም ካርቶን ላይ ተለጥፈው፣ ጠርዛቸው በመኪና ተቈርጦ፣ በፕላስቲክ ተሸፍነው መጡ። የሚገርመው ነገር፣ በገዛ እጃችን የሣልናቸው ሥዕሎች ጠርዛቸው ሲስተካከል ለእኛም ለራሳችን ሌላ ሆነው ታዩን። ከትልቅ ስፍራ የመጡ መሰሉን።

አጨዋወቱ እንዲህ ነበር። ሰውየው ስሙንና የእናቱን ስም ይነግረናል። በሠራነው ሠንጠረዥ እያንዳንዱን ፊደል በቍጥር እንመነዝራለን። ድምሩን ለ30 ገድፈን፣ በቀሪው ልክ የተበወዘውን ካርታ ቈጥረን የደረስንበትን እናነሣለን። ከዚያ ከሥዕሉ ተነሥተን ታሪክ እንፈጥራለን። መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን የሚመጡት ሰዎች አይስቁም ነበር። «ፕሮሰሴ መቼ ያልቃል?» «ቃለ መጠይቁ ይቀናኛል?» «ወሬው የጠፋው ወንድሜ የት ነው?» ይሉ ጀመር።

ለምን አመኑን? በሰዎቹ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። እኛ ግን እንዲህ እናስባለን። የስደተኛ ኑሮ በካርድና በቍጥር የሚመራ ኑሮ ነው። የራሽን ካርድ አለን፤ የቤተሰብ ብዛት ቍጥር አለን፤ የፋይል ቍጥር አለን። አንድ ሰው ከማናየው ጠረጴዛ በስተጀርባ ቍጥራችንን አይቶ አንዱን «ሂድ»፣ ሌላውን «ቈይ» ይላል፤ እንዴት እንደወሰነም አይነገረንም። ከእኛም መካከል የፋይል ቍጥሩን አኃዞች ደምሮ «9 መጣልኝ» ብሎ ደስ ያለው፣ «4 መጣብኝ» ብሎ ያዘነ ስንት አለ! ካርድና ቍጥር ዕጣውን ሲወስኑ ለኖረ ሰው፣ ሌላ ካርድና ሌላ ቍጥር ሲመጣለት ቢያምን አይደንቅም። የእኛው ካርታ ደግሞ ከቢሮው የሚለየው፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ስሙን የሚጠይቀው መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንምጣ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ላይ ነውና። ባሕረ ሐሳብና ዐውደ ነገሥት በሥራቸው አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ይደምራሉ፣ ይገድፋሉ፣ ቀሪውን ይይዛሉ። የ2016 ዓ.ም.ን ምሳሌ እንውሰድ። 5500 ላይ 2016 ሲጨመር 7516 ይሆናል። ይኸን ለ19 ሲገድፉት 11 ይቀራል፤ መደብ ነው። አንድ ሲቀነስ 10፤ ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 ቢያባዙት 110፤ ለ30 ሲገደፍ 20 ይቀራል፤ አበቅቴ ነው። ወንበሩን በ19 ቢያባዙት 190፤ ለ30 ሲገደፍ 10 ይቀራል፤ መጥቅዕ ነው። 20 እና 10፣ 30። ከዚህ ተነሥቶ ሊቁ የነነዌ ጾም የካቲት 18፣ ፋሲካም ሚያዝያ 27 እንደሚውል ይናገራል፤ በዚያ ዓመት እንዳለውም ውሏል። ድምሩ ሁልጊዜ 30 የመሆኑም ነገር ምስጢር የለውም። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ፣ ወንበሩ የፈለገውን ቢሆን ከ30 አይወጣም።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ባሕረ ሐሳብ የሚናገረው ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ ነው፤ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ሊመረምረው ይችላል። እንዲያውም በ19 ዓመት የሚዞረው ቀመር በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ያህል ከጨረቃዋ እንደሚለይ ታውቋል። ይኸ ጕድለቱ የታወቀው ሰማዩን ከቍጥሩ ጋር ያስተያዩ ሰዎች ስላሉ ነው። ካርታችን ግን ከምን ጋር ይስተያያል? «ጥላው ቀድሞት የሚሄድ ሰው» ወጣልህ ብንለው፣ የቀናው ሰው «መንገዴ ቀድሞ ተከፍቶልኛል ማለት ነው» ይላል፤ ያልቀናውም «ዕድሌ ጥሎኝ ሄደ ማለት ነው» ይላል። ካርታው በሁለቱም ልክ ነው። ምንም ቢመጣ ከማይሳሳት ነገር ደግሞ ስለ ነገ የሚገኝ ዕውቀት የለም።

ይኸን ለራሳችን ለማረጋገጥ አንድ ሌሊት ሙከራ አደረግን። የአንዱን ጓደኛችንን ስም በ«ሀ»፣ በ«ሐ» እና በ«ኀ» ለየብቻ ጽፈን ቈጠርነው። በእኛ ሠንጠረዥ ሦስቱ ፊደሎች ሦስት የተለያየ ቍጥር አላቸው። አንዱ ሰው ሦስት ካርታ ወጣለት። እናቱ በጠራችው ጊዜ ግን የትኛው «ሀ» እንደሆነ አልነገረችውም፤ የጠራችው በድምፅ ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስማችንንማ ተዉት፤ በአንዱ ወረቀት አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ሆኖ ስንቶቻችንን እንዳጉላላ ታውቃላችሁ። ኮከባችን በጸሐፊው ብዕር የሚለወጥ ከሆነ፣ የኮከቡ ባለቤት ጸሐፊው ነው ማለት ነው።

በዓለም ላይ የታወቀው የጥንቆላ ካርታ ታሮት የሚባለው ነው። እርሱም እንደ እኛው በመጫወቻነት ነው የተወለደው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ15ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ መኳንንቱ ይጫወቱበት ነበር፤ ካርታውም 78 ነው። ሦስት መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በ1781 አንቷን ኩር ደ ዤብለን የተባለ ፈረንሳዊ፣ «ይኸ የጥንት ግብጻውያን ካህናት የምስጢር መጽሐፍ ነው» ብሎ ጻፈ። ማስረጃ አልነበረውም። የግብጽን ጥንታዊ ጽሕፈት በዘመኑ ማንበብ የሚችል ሰው አልነበረም፤ ሻምፖልዮን ቍልፉን ያገኘው በ1822 ነው። ይሁንና ወሬው ከማስረጃው ቀደመ። ኤቴያ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በ1780ዎቹ መጨረሻ ለጥንቆላ ብቻ የሚሆን ካርታ አሳተመ። በ1909 ደግሞ ለንደን ላይ፣ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የምትባል ሠዓሊ በአርተር ዌይት መሪነት የሣለችው ወጣ፤ ዛሬ በብዙ አገር የሚታወቀው የእርስዋ ሥዕል ነው። እንግዲህ ሰዎች ዕድላቸውን የሚያዩበት ሥዕል ሠዓሊዋም ዓመቱም የታወቀ የሰው ሥራ ነው።

የእንግዳ ተረቶቹ ጸሐፊ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ነካን። ከ1890 እስከ 1937 የኖረ ሃዋርድ ላቭክራፍት የሚባል አሜሪካዊ ነው። በተረቶቹ ውስጥ ኔክሮኖሚኮን የሚባል የአስማት መጽሐፍ ደጋግሞ ያነሣል፤ የጻፈውም አብዱል አልሐዝረድ የሚባል እብድ ዐረብ ነው ይላል። መጽሐፉም ዐረቡም በምድር ላይ ኖረው አያውቁም። ላቭክራፍት ለሚጠይቁት ሰዎች የራሱ ፈጠራ መሆኑን በደብዳቤ ይነግራቸው ነበር። ይሁን እንጂ ሰዎች መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍትና ከመጽሐፍ ነጋዴዎች መጠየቃቸው አልቀረም፤ በ1977ም በዚሁ ስም አንድ መጽሐፍ ታትሞ ወጣና በእርሱ አስማት የሚሞክሩ ሰዎች ተገኙ። ሰው የፈጠረው ነገር ከእጁ ወጥቶ ሊሄድ እንደሚችል ከዚህ ተማርን። ያ ጸሐፊ ግን አንድ ነገር አድርጓል፤ ሲጠየቅ እውነቱን ተናግሯል። እኛ ስንጠየቅ ካርታውን አነሣን።

ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። አንዲት እናት ወደ እኛ መጡ። ማንነታቸውን የሚያመለክት ነገር አንጽፍም፤ ይኸንንም የምንጽፈው እሳቸው ፈቅደውልን ነው። ልጃቸው በሊቢያ በኩል ባሕር ሊሻገር ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ስሙን ነገሩን። የእናቱ ስም ሲባሉ የራሳቸውን ስም ተናገሩ። ቈጠርን፤ ገደፍን፤ ካርታው ወጣ፦ ከሐይቅ ሥር የሚበራ ፋኖስ። ያን ሥዕል የሣልነው አንድ ምሽት የናኪቫሌን ሐይቅ ስናይ የዓሣ አጥማጅ መብራት ከውኃው ውስጥ የሚበራ መስሎን ነበር፤ ሌላ ትርጕም አልነበረውም። ከእኛ አንዱ ግን የእናቲቱን ፊት አይቶ አልቻለምና፣ «እማማ፣ ብርሃን አለ። ልጅዎ ከውኃ አጠገብ ነው፤ አልጠፋም» አላቸው። ማን እንደተናገረው አንገልጽም። ሌሎቻችን አጠገቡ ተቀምጠን ዝም ስላልን የሁላችን ቃል ነው።

እናቲቱ መረቁን። ያን ሌሊት ከብዙ ጊዜ በኋላ እንደተኙ በማግሥቱ ነገሩን። እኛም ደስ አለን፤ ለምን እንዋሻለን? ደግ የሠራን መሰለን።

ከሦስት ወር በኋላ ከጐረቤታቸው ሌላ ነገር ሰማን። ቀይ መስቀል የጠፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግበት አገልግሎት እንዳለው ታውቃላችሁ። ጐረቤታቸው፣ «የልጅዎን ስም ያስመዝግቡ፤ እኔ አብሬዎ እሄዳለሁ» ብላቸው ኖሮ፣ «ልጄ መኖሩ ተነግሮኛል፤ ካለ ደግሞ ይደውላል» ብለው ቀርተዋል። ሦስት ወር ሙሉ ማንም ሳይፈልገው አለፈ፤ የከለከልነውም እኛ ነን። ከዚህም ሌላ የሚያስጨንቅ ነገር አለ። ምናልባት ሞቶ እንደሆነስ? እናቱ በቃላችን አምነው ሳያለቅሱለት፣ ፍታት ሳይፈታለት፣ ተዝካሩ ሳይወጣለት ይቀራል። ሕያው ከሆነም በችግር ላይ ሆኖ ፈላጊ ይጠብቅ ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ቃላችን ከእናቲቱ ላይ የሚገባቸውን ወሰደ።

ተያይዘን ሄደን ነገርናቸው። «እማማ፣ ያን ሥዕል የሣልነው እኛ ነን። ስለ ልጅዎ የምናውቀው ነገር የለም።» ቡና እያፈሉ ነበር። ጀበናውን አውርደው ትንሽ ዝም አሉና፣ «ይኸንን መች አጣሁት፣ ልጆቼ! ስትሥሉት በበሩ ሳልፍ አይቻችኋለሁ እኮ። ግን እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የልጄን ስም ጠይቆ፣ ፊደል በፊደል የጻፈልኝ ሌላ ሰው አላገኘሁም» አሉን። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ጠፋን።

በሌላ ቀን አብረናቸው ሄደን የማፈላለጊያውን ቅጽ አስሞላን። ቅጹ የጠፋውን ሰው ስም ይጠይቃል፤ የአባቱን ስም፣ የእናቱንም ስም ይጠይቃል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የት እንደነበረና መቼ እንደተገናኙ ይጠይቃል። ስሙንና የእናቱን ስም! እኛም የጠየቅናቸው ይኸንኑ ነበር። እኛ ግን ሁለቱን ስሞች ደምረን በአንድ ቁራጭ ካርቶን ላይ አቆምናቸው። ቅጹ ስሞቹን ይዞ ከአገር ወደ አገር ይሄዳል፤ «አላገኘንም» ሊልም ይችላል። ይኸን እስከጻፍንበት ቀን ድረስ መልስ አልመጣም።

አንዱ ጓደኛችን እስከ ዛሬ ከእኛ ጋር አልተስማማም፤ ሐሳቡን አሳጥረን ብንጽፍ በደል ይሆናል። እርሱ የሚለው እንዲህ ነው፦ «ሦስት ወር እንቅልፍ ትንሽ ነገር ነውን? እውነተኛውን መልስ የሚሰጥ በሌለበት፣ የፈጠርነው ብርሃን ከጨለማ አይሻልምን? ሐኪምስ ለበሽተኛ ሁሉን ይናገራልን? ሽማግሌስ መርዶ ሲያረዳ አያለሳልስምን? ሐዋርያትስ ማትያስን በዕጣ አልመረጡምን?»

ክርክሩ ከባድ ነው። እናቲቱ የተኙበትን እንቅልፍ አንክድም። ስለ ዕጣው ግን የቅርጫን ሥርዐት እናስታውስ። በሬው ታርዶ መደቡ ሲደለደል፣ መጀመሪያ ሁሉም እያየ እኩል ይደረጋል። ዕጣ የሚጣለው ከዚያ በኋላ ነው። ዕጣው የሚያገለግለው እኩል ከሆኑት መደቦች የትኛው ለማን እንደሚደርስ ያለ ጠብ ለመለየት ነው። ሐዋርያትም ዕጣ የጣሉት ሁለቱን ሰዎች መርምረውና ብቁ መሆናቸውን ዐውቀው ካቆሟቸው በኋላ ነው። አንድ ሰው በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል የሚለው ነገር ግን በዕጣ የሚደለደል መደብ አይደለም። አንድ ሆኖ የተደረገ ነገር አለ፤ እኛ አናውቀውም። ከመካከላችን ክርስቲያኑ በኦሪት ዘዳግም ጥንቆላ መከልከሉን፣ ሙስሊሙም በቁርኣን በቀስት ዕጣ ዕድልን መጠየቅ መከልከሉን ያውቃል። ስለ ሐኪሙና ስለ ሽማግሌው ደግሞ ይኸን እንላለን፦ ሽማግሌው መርዶውን የሚያለሳልሰው ዐውቆት ነው። እኛ ያለሰለስነው የማናውቀውን ነው።

የናካሴሮን ስም ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢዲ አሚን ዩጋንዳን በገዛበት ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1971 እስከ 1979፣ ስቴት ሪሰርች ቢሮ የሚባለው የስለላና የግድያ መሥሪያ ቤት ዋና ስፍራው ናካሴሮ ኮረብታ ላይ ነበር። ሰው ከመንገድ ተይዞ በመኪና ይወሰድና ደብዛው ይጠፋል። በዚያ መንግሥት የጤና ሚኒስትር የነበሩትና በኋላ የሸሹት ሄንሪ ኬምባ በ1977 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የተወሰደባቸውን ዘመድ አስከሬን ለሚሹ ቤተሰቦች በገንዘብ የሚፈልጉ ሰዎች እንደነበሩ ገልጸዋል። በአገራችንም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ስንቅ ይዛ ወደ እስር ቤት ሄዳ «መልሺው» የተባለች እናት ምን ያህል እንደነበረች ሽማግሌዎቻችን ያስታውሳሉ። ልጄ የት አለ ብላ የምትጠይቅ እናት ባለችበት ሁሉ የመልስ ገበያ ይቆማል። እኛ ገንዘብ አልተቀበልንም። ምርቃት ግን ተቀብለናል፤ መከበርም ተቀብለናል፤ ማታ ደጃችን ሰው ሲሰለፍ ደስ ብሎናል። ይኸም ዋጋ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ወሰንን። ካርታዎቹን አናቃጥላቸውም፤ ሥዕሎቹ ምንም አልበደሉም፣ ልጆቻችሁም ይወዷቸዋል። ቅዳሜ ማታ ተረት ለማውጣት ይዘረጋሉ፤ ካርታ የወጣለት ሰው ከሥዕሉ ተነሥቶ ታሪክ ይነግረናል። የማንም ስም፣ የማንም እናት ስም፣ የማንም የፋይል ቍጥር ከእንግዲህ አይቈጠርባቸውም። የፊደል ሠንጠረዡን ቀደነዋል። ከአልጋ ሥር የነበረውን ፊት የሌለውን ሰው መልሰን ጨምረነዋል፤ ካርታው 31 ሆኗል፤ ለ12ም ለ7ም ለ30ም አይገጥምም። እርሱን ናስር መንገድ ስላልወሰድነው ጠርዙ እንደተጣመመ ነው፤ በእጅ የተሠራ መሆኑን ያየ ሁሉ ያውቃል።

ዘመድ የጠፋባችሁ ደግሞ ኑ። ስሙን ጠይቀን ፊደል በፊደል እንጽፋለን፤ ቅጹን እናስሞላለን፤ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ አብረን ወረፋ እንቆማለን። ከመካከላችን አንዱ ሁልጊዜ ማታ ከቤት አለ። «በሕይወት አለ?» ብትሉን «አናውቅም» እንላለን፤ ያን ካልን በኋላም አብረናችሁ እንቀመጣለን።

ጓደኛችን ግን ክርክሩን አልተወም፤ ፍርዱንም ለእናንተ ትተናል። እውነተኛ መልስ በማይገኝበት ጊዜ የፈጠሩትን ማጽናኛ መስጠት ይገባል የምትሉ፣ አይገባም የምትሉም፣ ሐሳባችሁን በዚህ ገጽ ኅዳግ ላይ ጽፋችሁ ለጐረቤት አሳልፉ። ኅዳጉን ሰፊ አድርገን የተውነው ለዚሁ ነው።